የጾመው ኩሬ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ይደክመኛል። ገበሬ ነኝ ቢሉ ይገባል። ካህን ነኝ ቢሉም ይገባል። እኔ ግን የባክቴሪያ ጠባቂ ነኝ። በግ የሚጠብቅ ሰው ሲመሽ በጎቹን ቆጥሮ ያስገባል። እኔ ምኑን ልቁጠር? አይታዩ! ጠፉብኝ ብዬ ባስነግርስ ማን ይፈልግልኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላሊበላ ወደ ብልባላ ስትሄዱ፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አንድ አነስተኛ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ለከበሮ፣ ለብራና፣ ለፈረንጅ ቦርሳ የሚሆን ቆዳ እናለፋለን። ቆዳ ደግሞ ኖራና ጨው ውስጥ ሰንብቶ፣ ጸጉሩና ስቡ ተፍቆ ነው ለወግ የሚበቃው። ያ ሁሉ እጣቢ የት ይሄዳል? ቁልቁል ነዋ! ቁልቁል ጅረት አለ። ከጅረቱ ማዶ ደግሞ እማማ ደብሬ አሉ።

እማማ ደብሬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው አንዲት ላምና አንድ ምላስ ነው። ላሚቱ ዳለቻ ትባላለች። ምላሳቸው ስም አልወጣለትም እንጂ ሊወጣለት ይገባ ነበር። ዳለቻ የምትጠጣው ከዚያ ጅረት ነው። ውሃው ሲጠቁር ላሚቱ ከሳች፣ ወተቷ ነጠፈ። እማማም ሽማግሌ ሰብስበው መጡና ፋብሪካው ይዘጋልኝ አሉ።

ያን ጊዜ ነው መሐንዲሷ ሰላማዊት ከአዲስ አበባ የመጣችው። ቀጭን ልጅ ናት፤ ቦት ጫማዋ ከእሷ ይከብዳል። ኩሬ አስቆፈረች፣ ከጀሪካን ጥቁር ጭቃ ገለበጠችበት። በዚህ ውስጥ ቆሻሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ እነሱ ሲበሉ እጣቢው ይጠራል፣ የሚፈልጉት ምግብና አየር ብቻ ነው አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቆሻሻ በጭቃ ሊታጠብ ነው? አሉ። እኔ ደግሞ ዲያቆን ነኝ፤ ከቆሎ ተማሪነቴ ጀምሮ ዝም ማለትን ብቻ ነው ያልተማርኩት። ብድግ ብዬ ዋስ ሆንኩ። ውሃው ዳግመኛ ከተበላሸ ፋብሪካው ይዘጋ፣ ተጠያቂውም እኔ ልሁን ብዬ በቤተ ጊዮርጊስ ማልኩ።

ዋስ የሆነ ሰው ዕረፍት የለውም። አየር የሚነፋው ማሽን መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል። መብራት በየስንት ጊዜው እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግርም። ያን ጊዜ ረጅም እንጨት ይዤ ኩሬውን እያማሰልኩ እዞራለሁ። ባለቤቴ፣ ቤትህ ውስጥ አንድ ቀን ወጥ አማስለህ አታውቅም፣ ለማይታይ ፍጡር ግን ቀኑን ሙሉ ታማስላለህ ትለኛለች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ይሁንና ሠራ! በጥቂት ወራት ውስጥ ውሃው ጠራ። ዳለቻ ተመልሳ ጠጣች፣ ሥጋ አወጣች፣ በጥር ወለደች። እማማ ደብሬም መራገም ተዉ። ማመስገን አልጀመሩም፤ እሱንስ አትጠብቁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በሁዳዴ ላስታ ውስጥ ቢላዋ ሥራ ይፈታል። ቢላዋ ሥራ ከፈታ ቆዳ የለም። ቆዳ ከሌለ እጣቢ የለም። እጣቢ ከሌለ ባክቴሪያዎቹ ምን ይበሉ? ይኼን ማን አሰበው? ለሰላማዊት ደወልኩና ኩሬው ገረጣብኝ አልኳት። ርቧቸው ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ወተት ወይም የጠላ አተላ ስጣቸው አለችኝ።

ወተት! በሁዳዴ! በባልዲ ወተት ይዤ በገበያ መካከል ሳልፍ ሰው ምን ይላል? ለባክቴሪያ ነው ብልስ ማን ያምነኛል?

የንስሐ አባቴን አባ ገብሬን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። ጾም አእምሮ ላለው ነው፣ አብላቸው አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን አያ ካሳው አሉ፤ በፋብሪካችን ቆዳ ሲያለፉ ያረጁ ሰው ናቸው። የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ጭምር አስጹመው አይደል የዳኑት? አሉ። አተላስ፣ አተላ እኮ የጾም ነው ብላቸው፣ አተላ ለሚሠራ በሬ ነው፣ የተኛን ማን ይቀልባል አሉ። አያ ካሳው ሲከራከሩ መፋቂያው ቢላዋ ከእጃቸው አይለይም። እኔ ደግሞ ቢላዋ ካለበት ክርክር አልወድም።

አሁን ሁሉንም በአያ ካሳው ባላክክ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰንፌም ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ውዬ፣ ለእነሱ አተላ ተሸክሜ ዳገት ልውጣ? ቀናሁባቸው። በባክቴሪያ የቀና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይጹሙ፣ ጾም ማንን ገደለ አልኩ። ኩሬው ሁዳዴን ሙሉ ጾመ።

ፋሲካ መጣ። ላሊበላ አረደ፣ ብልባላ አረደ፣ ገጠሩ ሁሉ አረደ። ሰኞ ቆዳው በአህያ፣ በሸክም፣ በባጃጅ ይጎርፍ ጀመር። ከፍላቂት ሳይቀር በሚኒባስ ጣሪያ መጣ። እኛም ደስ ብሎን በአንዴ ዘፈዘፍነው፣ በአንዴ አጠብነው፣ እጣቢውንም በአንዴ ለቀቅነው። እንኳን አደረሳችሁ፣ ግደፉ እንግዲህ አልኳቸው ባክቴሪያዎቼን።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ኩሬው አረፋ ደፈቀ፣ ጠቆረ፣ ከረፋ፤ ክርፋቱም ወደ ጅረቱ ወረደ። ሰላማዊት በስልክ፣ ከዚያ ሁሉ ረሃብ በኋላ ይኼን ያህል ሲወርድባቸው አየር አልቆባቸው ታፍነዋል አለች። እኔ ግን ዓይኔ ማዶ ነበር። ዳለቻ ወደ ውሃው መጣች፣ አሸተተች፣ አንገቷን መለሰች። ጥጃዋም ተከትላት ተመለሰች። አፈርኩ። ሰው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድቡም አልቀረ፣ እማማ ደብሬ መጡ። መሐላዬን ሊያስታውሱኝ ነው ብዬ ቀድሜ ተናዘዝኩ፤ ጾሙን፣ የነነዌን ከብት፣ የፋሲካውን ቆዳ፣ ስንፍናዬንም። ሰምተው ሲጨርሱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ ይስቃሉ።

«አንተ ዲያቆን!» አሉኝ። «በየዓመቱ እቤቴ እየመጣህ፣ እማማ በጾም አንጀት ሥጋ አይሆንም፣ መጀመሪያ ተልባ ይጠጡ የምትለኝ አንተ አይደለህም? ለእኔ ሆድ የምታውቀውን ለእነዚያ ምስኪኖች እንዴት ረሳኸው?»

«ሽማግሌ ይጠሩብኛል፣ እማማ?»

«ሽማግሌው ይቆይ! ምስኪኖቹ ምን ቢቀምሱ ነው የሚነሡ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን እንዴት ብዬ ልናገረው? ሰላማዊት፣ እበት ውስጥም ባክቴሪያ አለ፣ ለአዲስ ዘር ትኩስ የላም እበት ፈልግ ብላኛለች። በአቅራቢያው ያለችው ላም ዳለቻ ናት። ውሃዋን ነሥቼ እበቷን ልለምን! አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩ። እማማ ሄዱና እበቱን በባልዲ ሞልተው መጡ።

ከዚያ በኋላ እኔ አማስላለሁ፣ እሳቸው ይቆጣሉ። የተረፈውን ቆዳ በጨው ይዘን ተራ አስጠበቅነው፤ እጣቢውን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቅነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እስኪጠራ ድረስ ለዳለቻና ለጥጃዋ ከላይኛው ምንጭ በጀሪካን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ጧትም ማታም። ዋስ መሆን ያማራችሁ ካላችሁ ትከሻዬን መጥታችሁ እዩ። በዓለ ኀምሳ ሊያልቅ ሲል ዳለቻ ጎንበስ ብላ ከጅረቱ ጠጣች።

ይኸው አሁን የሐዋርያት ጾም ገብቷል። እኔ በባዶ ሆዴ አተላ ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ። አባ ገብሬ ሲያገኙኝ ይባርኩኛል፣ አያ ካሳው ይገላምጡኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ያነጻል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ራሴም ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ሐሰት ነው አልልም። ብቻ እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ጾሜ ለአንድ ጅረት እንኳ አልተረፍኩም፤ ዳለቻ ንጹሕ ውሃ የምትጠጣው እነዚያ ሆዳሞች ሲበሉ ስለሚውሉ ነው።