የቦኖው እርቅ

እኔ የምለው፣ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ሲያጠፋ ነው አይደል? እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነው ያደግሁት። በቅርቡ ግን እውነት ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅርታዬም ተቀባይነት አገኘ፣ ተጨበጨበልኝም። ምን እንዳጠፋሁ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እስቲ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱኝ።

የምኖረው ቀጨኔ ነው። የምሠራው ደግሞ አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ፤ ዜና ሠሪ ነኝ። ዜና ሠሪ ስትሆን ጎረቤቱ ሁሉ የሚያይህ ትልቅ ቦታ ዘመድ እንዳለው ሰው ነው። ብትደውል ስልክ የሚነሳልህ ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፣ ይነሳልኛል፤ ከየት እንደደወልኩ እስክናገር ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ሰፈራችን ባለው የጋራ ቧንቧ፣ በቦኖው ነው። ግንቡ ከተሠራና ቀለም ከተቀባ ቆይቷል፤ ውሃ ግን አልገባለትም። ሰዉም ምን ያድርግ፣ ልብስ ማስጫ አደረገው። ፊት ለፊቱ እትዬ አለምነሽ ይኖራሉ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ጀበናና ድስት ይሠራሉ። ጭቃው ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ቁልቁለቱ ታች ነው። ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ጉልበታቸው አለቀ። አንጀቴን በሉትና ካሜራ ይዤ መጥቼ ደረቁን ቦኖ ቀረፅኩት። እሳቸውም ጉልበታቸውን እያሻሹ የሆነውን ተናገሩ። ዜናው ተላለፈ።

በሳምንቱ ቆፋሪዎች መጡ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ ውሃ ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳን። በአራተኛው ቀን ቦኖው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘን። ያስቆለፉት የወረዳችን ኃላፊ አቶ ታደሰ ናቸው። ምነው ቢባሉ፣ ገና አልተመረቀም አሉ። ያልተመረቀ ውሃ ይጠጣል እንዴ?

እሺ፣ ይመረቃ። ግን አቶ ታደሰ ያለ ካሜራ ሪባን አይቆርጡም። ሌሎች ጣቢያዎች ሲጠሩ፣ ለአንድ ቦኖ ብለን አንመጣም አሉ። የምትመጣው የእኛዋ ብቻ ናት፤ እኛን ደግሞ አኩርፈውናል። ስሜን አጥፍቷል ይላሉ አሉ። እንዴት አጠፋለሁ፣ ስምዎን መቼ ጠራሁት ብዬ ላኩባቸው። ለምን አልጠራህም ብለው ደግሞ በዚያ ተቀየሙ። ሰውዬው ካሜራ ሲመጣ ይናደዳሉ፣ ሲቀር ይናደዳሉ። የቱ ጋ እንደምቆም ግራ ገባኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወር ሆነ። የእትዬ አለምነሽ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝና፣ ድሮ እንኳ ውሃ የለም ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር፣ አሁን ግን ደጄ ላይ ሲንጠባጠብ እየሰማሁ ነው የምጠማው አሉኝ። የተቀየሙት በአቶ ታደሰ መስሎኝ ነበር። ለካ በእኔ ነው። አፈርኩ።

ሽማግሌ ተሰየመ። ሰብሳቢው ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የቸርች ሽማግሌ። ሚዛኑ እንዳይዛባ አንድ ቄስም ተጨመሩ። ሽምግልናን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ማን አጠፋ ሳይሆን ማን ታናሽ ነው ነው ነገሩ። ታናሹ እኔ ነኝ። አቶ ታደሰ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዜናው እኮ እውነት ነው ስል፣ ጋሽ በቀለ፣ እውነቱ መች ጠፋን፣ አንተ ብቻ ተነስ አሉኝ። ተነሳሁ። ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል አቶ ታደሰ ቀልበው ያዙኝና ጉንጬን ሳሙኝ። ሁለተኛ በሰፈሩ ላይ ክፉ ዜና ላልሠራ ቃል ገባሁ። ቄሱ ጸለዩ። ጋሽ በቀለም የራሳቸውን ጸለዩ፤ የእሳቸው ረዘመ።

በማግስቱ ሪባን ተቆረጠ፣ ቁልፉ ተከፈተ። እትዬ አለምነሽ ካሜራ ፊት ቆመው አቶ ታደሰን መረቁ። አቶ ታደሰም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሚዲያ ማለት እንዲህ ነው አሉኝ።

ከዚያማ ተዋደድን። ይደውሉልኛል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ጠፋ። ቁልፍ የለበትም፣ ማንም አልከለከለም፣ በቃ ውሃ የለም። ስደውልላቸው ወዲያው ያነሳሉ። አይዞህ ልጄ፣ ይስተካከላል ይላሉ። ከባለሥልጣን እንዲህ በፍቅር መልስ አግኝቼ አላውቅም፤ ውሃ ግን አላገኘሁም። እትዬ አለምነሽ ዳገቱን እንደገና ተያያዙት። እኔ ደግሞ ቃሌ አሰረኝ፤ ጀሪካናቸውን ተቀብዬ ከመሸከም ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ባለፈው እሑድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ በቀለና ቄሱ ናቸው፤ እትዬ አለምነሽም ከኋላ አሉ። ግቡ ብዬ አስቀመጥኳቸው። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ልጄ፣ እስቲ ሰውዬውን ትንሽ ተጣላልን አሉኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ያስታረቃችሁኝ እናንተ፣ ቃል ያስገባችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቃሉን እናነሳልሃለን አሉ፤ ቄሱም አንገታቸውን ነቀነቁ። እትዬ አለምነሽ መሬት መሬቱን እያዩ ጉልበታቸውን ያሻሉ። እሺ ከተጣላሁ በኋላስ እንዴት ልሆን ነው አልኩ።

ጋሽ በቀለ፣ ይሄ ምን ያሳስብሃል፣ ውሃው ሲመጣ እኛው መልሰን እናስታርቃችኋለን አሉኝ።