ሁለተኛው ጉርሻ

«ትምህርትሽን አቋርጠሽ ምን ልትበዪ ነው?» ብለውኝ ነበር አስተማሪዬ፣ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ። እሳቸውን ያስጨነቃቸው እንጀራዬ ነው። አንድ ቀን «ምን ልብላ?» የሚለው ጥያቄ የተራበ ሳይሆን የጠገበ ሰው ጭንቀት ከሆነበት አገር እንደምገባ በምን ያውቃሉ? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ፣ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚያወራው ስለተወው ምግብ ነው። አንዱ ስኳር ትቷል፣ አንዷ ዳቦ ትታለች። እንጀራውንም የተዉ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ዘመድ ናቸው።

በመተው በኩል ግን እንደ እትዬ ውቢት ያለ አላየሁም። የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ በአማርኛችን ሥጋ የማይበላ ሰው ከጾመኛ በቀር ስም ስለሌለው፣ በፋሲካ ማግስት ምስር ሲበሉ ያያቸው ሁሉ «ደግሞ የምን ጾም ገባ?» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ።

አምና ደግሞ አንዲት ጃፓናዊት ጎረቤታቸው ማክሮባዮቲክ የሚባል አበላል አስተማረቻቸው። ያልተፈተገ እህል፣ የወቅቱ አትክልት፣ ባቄላና አተር፣ የባሕር ቅጠል ጣል ያለበት ሾርባ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማኘክ፣ ጉርሻው አፍ ውስጥ ውሃ እስኪሆን ማኘክ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ይተወው ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ነጩን ሩዝ ባልተፈተገ ለወጡ። እሱን ሲለምዱ ስኳሩን ተዉ፤ ከዚያ ዘይቱን ቀነሱ፤ ከዚያ ድንችና ቲማቲሙን ተሰናበቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእሳቸውስ ያለ እንቁላልም ሄደ።

መጨረሻ ላይ በርበሬውንም ተዉ። ጉዱ የመጣውም በበርበሬ ነው።

የእትዬ ውቢት ታላቅ እህት፣ አማቴ ማለት ናቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። እህትማማቾቹ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከአንድ ትሪ ሳይበሉ ቀርተው አያውቁም። አማቴ ነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ «አንቲባዮቲክ ነው? እሱማ በሳምንት ያልቃል» ብለው ተጽናንተው ነበር። ሳምንቱ አልፎ፣ አንድ እሑድ እህታቸው የራሳቸውን ሳህን ይዘው ብቅ ሲሉ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ወጤን ንቃ ነው! ዛሬ ወይ ከትሪዬ ትበላለች፣ ወይ ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም» አሉኝ ማድ ቤት ገብተው። ቃሪያዬን መሰንጠቅ ቀጠልኩ። የሁለት እህቶች ዕድሜ ልክ ማዕድ በአንድ በርበሬ ሊፈርስ ነው።

ትሪው ቀረበ። አማቴ ቀይ ምስር ወጥ ጠቅልለው ወደ እህታቸው አፍ ዘረጉ። ጉርሻ አይመለስም፤ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ስልኩን አስቀመጠ። እትዬ ውቢት ጉርሻውን አዩት፣ እህታቸውን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ማኘክ ጀመሩ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና አማቴ ሁለተኛውን ጠቅልለው ይጠብቃሉ። እትዬ ውቢት ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። ወጡ በአማቴ የእጅ አንጓ ላይ መውረድ ጀመረ። ትንሿ ልጄ የተኙ መስሏት «ኢዝ ሺ ስሊፒንግ?» አለችኝ።

«ኧረ ዋጪው! እጄ ዛለ!» አሉ አማቴ።

እትዬ ውቢት ዋጡ። «እቴቴ፣ ጦስኝ ትጨምሪበታለሽ እንዴ?»

አማቴ ደነገጡ። «ከእናታችን ያየሁት ነው» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «እስከ ዛሬ ማንም አልነቃብኝም።»

«እስከ ዛሬ ስውጥ እንጂ መች ስበላ ኖርኩ!»

እኛ በርበሬው እያጣደፈን ያለፍናትን ጦስኝ፣ ወጥ ናቁ የተባሉት ሴትዮ አገኟት። አማቴ የያዙትን ጉርሻ አዩት። «አንቺ ይቺን እስክታኝኪ ይመሻል» ብለው ራሳቸው ጎረሱትና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማኘክ ጀመሩ።

በሳምንቱ እሑድ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ በርበሬው ሊገባ ሲል፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ግማሹን ወደ ትንሽ ድስት ገለበጥኩ፤ እርድ ነሰነስኩበትና ከቀዩ ወጥ ጎን ጣድኩት።