አቶ ዌንደልና የኅዳሩ ጨዋታ

ቤተ መጻሕፍት የሌለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይገኝ ይሆናል፤ ተጠራጣሪ ደጋፊ የሌለው ግን አንድም የለም። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ሲሸነፍ «ተሸጧል» ይላል፤ ሲያሸንፍ ደግሞ «ዋጋው እንዲወደድ ነው»። የእኛው ተጠራጣሪ፣ ክቡር አቶ ዌንደል ሃስከም፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከስንዴ ጎተራው ሚዛን አጠገብ ቆመው የገበሬውን መኪና ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ያልተመዘነ ነገር አያምኑም።

ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተሻለ ወደሚከፍሉት ሊግ እየዘለሉ ሲሄዱ፣ የእኛ መቶ ዓመት የሞላው ሊግም መንገዳገድ ጀመረ። ክቡርነታቸው ሥራ በዛባቸው። በየማለዳው የሎሬታ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው፣ በኮክ የተሞላ ፓይ ኬካቸውን ትተው፣ የዩኒቨርሲቲ አለቆች የሚሳፈሩባቸውን አውሮፕላኖች በስልካቸው ይከታተላሉ።

«ገንዘቡ ከየት መጣ አትበዪ» ይሉኛል፣ አጠገባቸው ቁርስ የምበላውን ጎረቤታቸውን። «ማን ዝም አለ በዪ!»

ስታዲየሙ አዲስ ሣር ሲለብስ ጠረጠሩ፤ «ይህ አረንጓዴ ለካሜራ እንጂ ለእግር አይደለም።» የማርሽ ባንዱ አዲስ ጥሩምባ ሲገዛም ጠረጠሩ። ቄሱ በስብከታቸው መሀል «አዲስ ምዕራፍ» ቢሉ፣ ክቡርነታቸው ደብተራቸውን አውጥተው ሰዓቱን ጻፉ።

የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ የኅዳሩ ጨዋታ እንዳይቀር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከወንዙ ማዶ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር እንጋጠማለን። እህታቸው አይሊን ወዲያ ማዶ ካገባች ሃምሳ ዓመት ሆኗታል፤ ቡድኗም እዚያው ነው። ጨዋታውን እስከ እረፍት ከእሷ ደጋፊዎች ጋር፣ ከእረፍት በኋላ ከእሳቸው ደጋፊዎች ጋር ሆነው አብረው ያያሉ። በሌላ ቀን አይገናኙም፤ ስልክ ላይማ ይጣላሉ። ሎሬታ ይህን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሃምሳ ዓመት፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ!

ሐምሌ ላይ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት አውሮፕላን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የደቡቡ ሊግ ቢሮ ያለበት ዳላስ አረፈ። ክቡርነታቸው ወንበር ላይ ወጡ።

«የደቡቡ ሊግ ወስዶናል! በዓመት ሠላሳ ሚሊዮን! እህቴም ቀረች፣ ኅዳርም ቀረ!»

በሳምንቱ ፕሬዚዳንቱ አዲስ ጥርስ አስተክለው ብቅ አሉ።

«አንተ ዌንደል» አለች ሎሬታ እየሳቀች፤ «ሠላሳ ሚሊዮንህ መንጋጋ ሆኖ ተገኘ!»

«እስከ ዳላስ ድረስ የጥርስ ሐኪም ጠፍቶ ነው? አንቺ ደግሞ ጥርስ ነው ሲሉሽ አመንሽ?»

ነሐሴ ላይ ግን የእውነቱ ወሬ መጣ። የዘለለው የማዶው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛን የጠራን የለም። አዲሱ ሊጋቸው ቅዳሜዎቹን ሁሉ ለቴሌቪዥን ስለሸጠ የኅዳሩ ጨዋታ ከመርሐ ግብሩ ወጣ። ምግብ ቤቱ በሙሉ «አላልኳችሁም?» እስኪሉ ጠበቀ። አላሉም። ፓያቸውን እስከ ፍርፋሪው በሉና ወጡ። እንደ እሳቸው ደንብ ዝም ያለ ሰው ነው የሚጠረጠረው፤ እኔም ጠረጠርኳቸው።

ኅዳር ሲገባ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ መኪና ትነጂያለሽ አይደል? ዓይኔ በዝናብ አያይም። የት እንደምንሄድ ግን ለሎሬታ እንዳትነግሪያት።»

ወንዙን ተሻገርን። የማዶው ቡድን የሚጫወተው ሁለት ሺህ ማይል አቋርጦ ከመጣ፣ ማንም ከማያውቀው እንግዳ ጋር ነበር። አይሊን በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ዘገየህ።»

«ሰዓቱን ቴሌቪዥኑ ነው የቀየረው።»

«አንተ መቼ ሰበብ አጥተህ ታውቃለህ!»

ሁለቱንም አጋማሽ እሷ ጋ ተቀመጥን፤ የእኛ ወገን የሚባል መቀመጫ አልነበረማ። ዝናቡ ሲበረታ አይሊን ከቦርሳዋ ቢጫ የዝናብ ካፖርት አወጣች። ቢጫ የቡድኗ ቀለም ነው። ክቡርነታቸው ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስልክሽን ኪስሽ ክተቺ።»

ከተትኩ። ለበሱት። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የአይሊን ቡድን ነጥብ አስቆጠረ። እሷ ዘላ ተነሣች፤ እሳቸው በተቀመጡበት፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ሁለቴ ብቻ አጨበጨቡ። ወዲያው ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ።

«አየሽ እንዴ?»

«ምኑን?» አልኳቸው።

አላመኑኝም።