ክቡር አምፖል እና የእናቴ ናና

ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ አንድ ሁሉን አዋቂ አለው። ውሃ ይጠፋል፣ ሊፍት ይበላሻል፤ ሁሉን አዋቂው ግን ጠፍቶም ተበላሽቶም አያውቅም። የእኛው ጡረታ የወጡ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው፤ በሌሉበት «ክቡር አምፖል» እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ በየሰው ደጃፍ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ስለኖሩ፣ የቱ ዕቃ ስንት እንደሚበላ በዓይናቸው ይለያሉ። ቤታችሁ ሲመጡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ፍሪጁን ነው። ጆሯቸውን ለጠፍ አድርገው ያዳምጡትና «ጎማው ላልቷል፤ ብርዱን እያፈሰሰ ነው» ይላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ልደቷን ስታከብር ኬኩ ሳይቆረስ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠው፣ «ከእነዚህ መብራቶች ግማሹ ይበቃሽ ነበር» ብለው ጨዋታውን አቀዝቅዘውታል። እኔማ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ስልክ የማወራ መስዬ ነበር የማልፈው።

እናቴ እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ማምለጫ አጣሁ።

ጉልበቷ እምቢ ሲላት ግቢና ጓሮ ያለውን ቤቷን ለቃ ነው የመጣችው። ከጓሮዋ ያተረፈችው በቆርቆሮ የተከለችውን ናና ብቻ ነበር። የእኔ ቤት ደግሞ ፊት ለፊቱ ረጅም ሕንፃ ስለተገተረበት ፀሐይን የሚያውቃት በስም ነው። ናናው ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጠነ፤ ገረጣ። እናቴም እንደዚያው። «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። ያ ናና የደረቀ ቀን ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

ተክል የሚያሳድግ መብራት አለ ሲባል ሰምቼ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ክቡርነታቸው እዚያ ቆመዋል። የት ሊሆኑ ኖሯል!

ስለ እናቴ ናና ስነግረው ሻጩ ካርቶኑ ላይ ጫካ የተሳለበት መብራት አወጣልኝ። «ልዩ የተክል መብራት ነው» አለ።

«እስቲ አብራው» አሉት። ሱቁ በወይን ጠጅ ቀለም ተጥለቀለቀ። «ሳሎንህን ጭፈራ ቤት ልታደርገው ነው?» አሉኝ። «ስማ ልጄ፣ ቅጠል ካርቶን አያነብም!»

«እንግዲያው ይሄን ርካሹን» ብዬ የጥንቱን ዓይነት አምፖል አነሳሁ።

«እሱ ምድጃ ነው። ሲገዙት ርካሽ፣ ሲያበሩት ቀማኛ።»

በመጨረሻ ቤት የምናበራበትን ተራውን ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አስያዙኝ። «ቁም ነገሩ ማስጠጋቱ ላይ ነው። ኮርኒስ ላይ ሰቅለህ ናናውን እደግ ብትለው፣ ጎረቤት በልቶ አንተ ጥገብ እንደማለት ነው።»

ሳልጋብዛቸው ተከትለውኝ መጡ። አምፖሉን ከናናው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ገጠሙት፤ ብርሃኑ እንዲመለስ ከጀርባው ነጭ ወረቀት አቆሙ። ከዚያ የውሃ ጆግ አነሱና ቆርቆሮው ላይ ያንደቀድቁት ጀመር።

«አንተ ሰውዬ! ልታሰጥመው ነው?»

እናቴ ነበረች። በልጅነቴ ከመንገድ ማዶ ቀጥ ያደርገኝ የነበረ ድምፅ ነው፤ ከመጣች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ስለ ውሃ ረጅም ትምህርት ሊለቁብን ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ። ክቡርነታቸው ግን ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እትዬ፣ እኔ መብራት እንጂ ተክል አላውቅም። ቢያስተምሩኝ?»

አላውቅም አሉ! በሕንፃችን ታሪክ ከዚያ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። እናቴ ወንበሯን ከግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ስለ አፈሩ ሊጠይቁ መጡ። ቀጥሎ ጫፉ ለምን እንደሚቀነጠብ። እናቴ ትቆጣቸዋለች፣ እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ የነገረቻቸውን ገልብጠው ይሠራሉ፣ እንደገና ትቆጣለች። ጠዋት ጠዋት ሻሿን አስተካክላ የበሩን ኳኳታ መጠበቅ ጀመረች። ቁጣ ጉልበት ስለሚፈጅ መሰለኝ፣ ምግብም በላች። ናናው አዲስ ቅጠል አወጣ።

አንድ ቀን ረስተውት የሄዱትን ብሎን መፍቻ ልመልስ በራቸውን አንኳኩቼ ገባሁ። በዚያ ሁሉ ጉርብትና ቤታቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ ነው፤ በየመደርደሪያው ነጭ አምፖል፣ ከሥሩ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ። የእሳቸው ናናማ ምንጣፍ ሆኗል፤ አፈሩን ነካሁት፣ አልጨቀየም፣ አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ተክል አላውቅም አላሉም ነበር?»

ኮሪደሩን ግራ ቀኝ ቃኙና በሩን ዘጉት።

«ለእናትህ ትንፍሽ ብትል ውርድ ከራሴ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና ቅርንጫፍ መትከል አስተምረውኝ አልጨረሱም።»

በነጋታው መጡ። «እትዬ፣ ትናንት የነገሩኝ ጠፋብኝ» አሉ ገና ከበሩ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚገባው?» አለች እናቴ፤ ፊቷ ግን በርቷል።

እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ ለተማሪው ደህናውን ወንበር አቀረብኩላቸው።