ታቢታ ቬንስትራ ስለ ዜግነት አርማ ወደ ምክር ቤት ስለ መዝመቷ

እናት ማርሊስ ቬንስትራ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥተው በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ የሒሳቡ ዘመነ ክፍልፋይ አልፎ ዘመነ ዜግነት በገባበት በወርኀ መስከረም፣ በአዮዋ ምድር፣ በኤልም ፎርድ ከተማ፣ ቋጠሮ ፈቺዋ፣ ድንኳን ተካይዋ፣ የአሥራ አንድ አርማ ባለቤት፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ስካውት ታቢታ ያደረገችው ይህ ነው።

እኒህ እናት መምህርም ርእሰ መምህርም ፈታኝም ነበሩ። ዜግነትን በምን ላስተምር ብለው ቢቸገሩ የስካውቶችን መመሪያ ገለጡ፤ የዜግነትን አርማ ያገኘ ትምህርቱን ጨረሰ ብለውም ቆረጡ። መመሪያውም ልጅቱ በከተማው ምክር ቤት ፊት እንድትናገር ያዝዝ ነበርና፣ እናት ስለ ሕገ መንግሥት ክብር አራት ገጽ ንግግር ጻፉላት፤ የአገሪቱ ምልክት የሆነው «ንስር» የሚለው ቃል ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ነበረበት።

የአርማው ፈራሚ ግን አርባ ዓመት ከውሻ ጋር ሲዋጉ የኖሩት ጡረተኛው ፖስታ አዳይ ሚስተር ኦርድዌይ ነበሩ። እሳቸውም አራቱን ገጽ በሁለት ጣት አንሥተው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦ «ወይዘሮ ማርሊስ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ነው፤ አርማው ደግሞ የእሷ ነው። የሰፈሯን ችግር ራሷ ፈልጋ፣ በራሷ አፍ ትናገር። አለዚያ አልፈርምም። እርስዎም አርማ ካማረዎት ይንገሩኝ፣ ልብሱን በልክዎ እናሰፋለን!»

ወእምዝ ታቢታ በብስክሌቷ ተነሥታ ሦስት ቀን ችግር ፍለጋ ዞረች። መንገዱ የተጠረገ፣ ሣሩ የታጨደ ሆኖ ችግር የጠፋባት ከተማ ሆነችባት። በሦስተኛው ቀን ግን በገዛ ቤታቸው ማዕዘን አንድ የጭነት መኪና ከጎማዋ ፊት ሽው ብሎ አለፈ፤ ነጂውም በመስኮት፦ «ምልክት የለማ፣ የኔ እመቤት!» ብሎ ዐወጀ። ብታይ፣ «ቁም» የሚለው ቀይ ምልክት፣ እናቷ በሠርጋቸው ዓመት በተከሉትና መቀስ እንዳይነካው በታወጀለት፣ ሊላክ በሚሉት የአበባ ቁጥቋጦ እስከ አናቱ ተውጦ ቆሟል።

የዚያን ጊዜ ብስክሌቷን አቁማ አሰበች። ብትናገር እናቷን በሕዝብ ፊት መክሰስ ነው፤ ዝም ብትል አርማው ይቀራል። አርማው ይቅር ቢባል እንኳ ታናሽ ወንድሟ ሌቪ በየቀኑ በዚያ ማዕዘን ይሻገራል።

በማክሰኞ ቀን ሠራዊቱ ተነሣ። ፊታውራሪዋ ማርሊስ የመኪናውን መሪ ጨብጠው፣ በቀኛቸው አያት ሄንድሪካ አይብ የተጋገረበት ድንች በትሪ ታቅፈው፣ በኋላ ወንበር ታቢታና ሌቪ ከነእንቁራሪቱ፣ በስተኋላም ሚስተር ኦርድዌይ እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ሆነው ዘመቱ። ምክር ቤቱም ስለ ቆሻሻ ገንዳ ቀለም አንድ ሰዓት ተከራክሮ ሳይስማማ ሲቀር ታቢታ ተጠራች፤ ሦስት ደቂቃም ተሰጣት። እናት ከፊት ወንበር ሆነው በከንፈራቸው «ንስር፣ ንስር» ይሏት ነበር።

እርሷም እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «እማ፣ እንዳትቆጪኝ። ክቡር ከንቲባ፣ በሜፕል ጎዳና ማዕዘን ያለው ምልክት በቁጥቋጦ ተሸፍኗል። ወንድሜ በዚያ ይሻገራል። ቁጥቋጦው ይቆረጥ። ቁጥቋጦው የኛ ነው።» ብላም ተቀመጠች። የሌቪ እንቁራሪትም «ቋቅ» ብሎ አጸናላት።

ከንቲባውም፦ «እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሳልቆም አልፌያለሁ፣ ምን አፍ አለኝ? እስከ ቅዳሜ ይቆረጥ!» አሉ፤ አምስቱም የምክር ቤት አባላት እጃቸውን አወጡ።

እናት ማርሊስ ግን ብድግ ብለው፦ «ተቃውሞ አለኝ! ነጻነት ያስተማርኳት እኔ፣ በኔው አጥር ትጀምር?» ብለው ጮኹ። ሚስተር ኦርድዌይም፦ «ታዲያ በጎረቤት አጥር እንድትጀምር ነበር ያስተማሯት?» ብለው፣ የአርማውን ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በዚያው ፈረሙ።

ቅዳሜም እናት መጋዙን ራሳቸው ይዘው፣ ማንንም ሳያስጠጉ፣ አንዱን ቅርንጫፍ በእርግማን ሌላውን በምርቃት ጣሉት። እሑድ ሁሉም ተጭነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀዩ ምልክት ፊት ለፊት አፈጠጠባቸው። እናትም ቆሙ። ከኋላ ያለው ጎረቤት ጡሩንባውን እየነፋ፦ «ምን ነካሽ ማርሊስ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆመሽ አታውቂም!» ቢል፣ ግራ ቀኝ አይተው ሳይጨርሱ ንቅንቅ አላሉም።

እንግዲህ መዋዒተ ቁጥቋጦ፣ ከሣቲተ ምልክት ታቢታ ስሟ ይግነን! የባዕድን ጦር ያቆመ ጀግና ብዙ ነው፤ የገዛ እናቱን መኪና ያቆመ ግን ከእርሷ በቀር በኤልም ፎርድ አልተገኘም።