ሊቀ ጥንቃቄ በፏፏቴው አፋፍ

ምድጃውን ማጥፋቱን ለማረጋገጥ ከመንገድ የሚመለስ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ መሥሪያ ቤትም የለም። ይህ ሰው ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይይዛል። የቀዘቀዘ ሻይ እፍ ብሎ ይጠጣል። እናንተ ገና ጫማችሁን እያሰራችሁ እሱ ደውሎ «ደረሳችሁ?» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮማ ተጣልቶ መገላገል ይቻል ነበር።

ለድሮን አብራሪዋ የደረሷት ሊቀ ጥንቃቄ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እሳቸውም እንዳልሰማ ሆነው ተቀብለውታል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ቀድመው የገቡ ሰው ናቸው። ሥራቸው በወረቀት ላይ «የበረራ ረዳት» ይባላል። በተግባር ግን ልጅቷ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ድሮኑን ስታበር፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ቀበቶዋን ይይዛሉ። ስክሪን የሚያይ ሰው እግሩን ይረሳል፤ ድሮኑ ወደፊት ሲሄድ እሱም ሳያውቀው ወደፊት ይራመዳል። ሊቀ ጥንቃቄ ይህን ሰሚ ኖረም አልኖረም በቀን ሦስት ጊዜ ያስረዳሉ።

ወደ ፏፏቴው የተላኩት ለአራት ቀን ነበር። በአምስተኛው ቀን ወንዙ ተጠልፎ በቧንቧ ወደ ኃይል ማመንጫ ሊገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገደሉ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ቀረጻ ብቻ ነበር። ድሮኑ ከአፋፉ ላይ ከውሃው ጋር ተነስቶ፣ ሳይቋረጥ፣ እታች ኩሬው ድረስ አብሮት እንዲወርድ። ሦስት ወር ሙሉ በልቧ ስትቀርጸው ከርማለች።

የመጀመሪያው ቀን በነፋስ አለፈ። ሊቀ ጥንቃቄ ዱላ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው አቆሙና «ቆይ እስቲ፣ ነፋሱ ሐሳቡን ይንገረን» አሉ። ነፋሱ እስኪመሽ ሐሳቡን አልጨረሰም። ሁለተኛው ቀን ጉም ነበር። ሦስተኛው ቀን ጠራ፤ ልጅቷ ድሮኑን ከማስነሳቷ ሁለት ጭልፊቶች ከገደሉ ወጥተው ይዞሩት ጀመር። «ባለቤቶቹ መጡ፣ አውርጂው» አሉ ሊቀ ጥንቃቄ። ወፎቹ እስኪሄዱ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ወፎቹ ግን የሚኖሩት እዚያው ነው።

ደንባቸው ተቆጥሮ አያልቅም። ፏፏቴ አጠገብ አየሩ ቁልቁል ይጎትታልና ድሮኑ ከውሃው አሥር ሜትር ይራቅ። ርጭቱ የካሜራውን መስታወት ያለብሰዋልና በየበረራው ይጠረግ፤ የሚጠርጉት ራሳቸው ናቸው፣ በገዛ መሐረባቸው፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። አብራሪዋ የባትሪውን መጠን ጮክ ብላ ትጥራ፤ ሠላሳ ከመቶ ሲደርስ የትም ቦታ ቢሆን ይመለስ። ከሁሉም በላይ ድሮኑ ቢወድቅ ማንም እንዳይወርድ። «ዕቃ ይወድቃል፣ ዕቃ ነው» ይላሉ። «እኔን የሚያስፈራኝ ሊያነሳው የሚወርደው ሰው ነው።»

በሦስተኛው ቀን ማምሻ ልጅቷ ለእህቷ ደውላ አለቀሰች። እህቷ ምን ሆንሽ ብትላት «ቀበቶዬን ይዘውኛል» አለቻት። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻለችም፤ እህቷም አልገባትም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ገጠመ። ነፋሱ ተኛ፣ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀስተ ደመና ወጣ። የቀረው አንድ ባትሪ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ከጠዋት ጀምሮ በመነሳትና በመመለስ አልቀዋል። ድሮኑ ከአፋፉ ተነስቶ ከውሃው ጋር መውረድ ሲጀምር ልቧ አብሮት ወረደ። አርባ ብላ ጠራች። ሠላሳ አምስት። ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ቁጥሩ ሠላሳ ሆነ። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ለምን እንዳልዋሸች እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ሠላሳ» አለች።

«መልሺው።»

«ጋሼ፣ አሥር ሰከንድ ብቻ። ነገ እኮ ውሃው የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። መልሺው።»

መለሰችው። ተኝቶ የነበረው ነፋስ መሃል ላይ ተነሳና ድሮኑ እየታገለ መጥቶ ሲያርፍ ባትሪው ዘጠኝ ከመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር። ቁጥሩን አየችው፤ አላጽናናትም። ትክክል የሆነ ሰው ትክክል በመሆኑ ብቻ አይወደድም። በማግስቱ ወንዙ ቧንቧ ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ ኤዲቲንግ ክፍል ገብታ የማይረባውን ቆርጣ ልትጥል ተቀመጠች። ድሮኑ ሲመለስ ካሜራው አልጠፋም ነበር። አፋፉ እየቀረበ መጣ፤ ራሷን አየች። የቀኝ ጫማዋ ጫፍ ከድንጋዩ አልፎ አየር ላይ ነው። መራመዷን አታስታውስም። ከኋላዋ ሊቀ ጥንቃቄ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ተረከዛቸውን ተክለው፣ ሁለት እጃቸውን ቀበቶዋ ላይ ጠምጥመዋል። ፊታቸው ነጭ ወረቀት መስሏል። ያን ጊዜ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚወርዱት የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ትዝ አላት፤ ሰውየው ከፍታ ይፈራሉ።

የሌላውንም ቀን የመመለሻ ቀረጻ ከፈተች፤ ያው ነው። ዓይናቸው ከተረከዟ አይነሳም። አራት ቀን ፏፏቴው ጆሯቸው ላይ ሲያገሳ አንዴም ቀና ብለው አላዩትም። አሁን ደግሞ የሚያዩት የለም። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሳቸው ሳይሆን ለእሳቸው ተናደደች።

ሄዳ ጠራቻቸውና ትልቁ ስክሪን ፊት አስቀምጣ ቀረጻውን ለቀቀችላቸው። ውሃው ከአፋፉ ተነሳ፤ ቀስተ ደመናውን አልፎ ወረደ፤ ግማሽ ላይ ተቋረጠ።

«ታቹስ?» አሉ።

«ታቹ የለም ጋሼ።»

መሐረባቸውን አውጥተው ያልቆሸሸውን መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ «እስቲ ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ውሃው መውረድ ሲጀምር ከወንበሩ ተነሱ፤ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ እንደተከሉ ሳያውቁት ወደፊት ተራመዱ። ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቷል። ልጅቷ ከኋላ ሄዳ ቀበቷቸውን ያዘች።