ምልክቱ ተፍቆ ፎቶው ቀረ

[ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመቱ የሆነው ምንተስኖት የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቷል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ወደ ወገዳ ሊወስዱለት የዜማ ቅጂ የሞላበትን ፍላሻቸውን ይዘው ቆመዋል። መኪናው ውጭ ጡሩምባውን ይነፋል።]

ምንተስኖት፦ አልገባም አለ እኮ የኔታ! ምን ላድርገው?

ቀለመ ወርቅ፦ ፍላሹ ቦታ አለው አላልከኝም?

ምንተስኖት፦ ያለው ሠላሳ ሜጋ ነው፤ የኔ አርባ ነው። ከዜማዎቹ ጥቂት ያጥፉና...

ቀለመ ወርቅ፦ ዜማ ከማጠፋ አንተን ባጠፋ ይቀለኛል። የራስህን ቀንስ!

ምንተስኖት፦ [ፈገግ ብሎ] እሺ፣ በሙያው እንሂድ። ዲበግ ሲምቦሎቹን ስትሪፕ አደርጋቸዋለሁ።

ቀለመ ወርቅ፦ በአማርኛ።

ምንተስኖት፦ ፕሮግራሙ ውስጥ የየክፍሉ ስም ከነመስመር ቁጥሩ ተጽፏል። ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚጠቁም ምልክት ነው። ሥራው ካለቀ ይፋቃል።

ቀለመ ወርቅ፦ ድጓ ላይ ከፊደሉ ራስ እንደሚጻፈው የዜማ ምልክት?

ምንተስኖት፦ [ለራሱ] ድጓ ደግሞ ከየት መጣ! [ጮክ ብሎ] እንበለው።

ቀለመ ወርቅ፦ ቤተልሔም ድጓ ቤት ስማር፣ ዜማ የሳተ ተማሪ ምልክቱን አይቶ ነበር የሚመለስ። ያንተው ሲስት ምን አይቶ ይመለሳል?

ምንተስኖት፦ የኔታ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው፤ የቆሎ ተማሪ አይደለም። አይስትም!

ቀለመ ወርቅ፦ ይቅር በለኝ። እኔ የጎጆ ተማሪ፣ ምን አውቄ።

ምንተስኖት፦ [ቁልፍ ይመታል] ተፋቀ!

ቀለመ ወርቅ፦ እስቲ ሞክረው። ነገ ሊቃውንቱ ፊት ነው የሚከፈት። እዚያ ካፈርን የዓመት ልፋትህ አፈር በላ።

ምንተስኖት፦ ዓመቱን ይጥሩልኝ፣ ፋሲካውን ይንገርዎ።

ቀለመ ወርቅ፦ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት።

ምንተስኖት፦ ምነው እሱን መረጡ?

ቀለመ ወርቅ፦ እንዲያው፣ ደስ ብሎኝ።

[ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል። አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ይቀራል።]

ቀለመ ወርቅ፦ ይህ ሁሉ ፋሲካ ነው? ወሩ የትኛው ነው?

ምንተስኖት፦ ፋሲካ አይደለም... የተበላሸበት ቦታ ነው።

ቀለመ ወርቅ፦ የት ነው ቦታው?

ምንተስኖት፦ አይታወቅም። ስሙ ተፍቋል።

ቀለመ ወርቅ፦ ውይ! የትኛው ክፉ ፋቀው?

[ምንተስኖት ጣቱን ወደ ራሱ ይቀስራል።]

ቀለመ ወርቅ፦ ፋሲካ ስናወጣ ወንበር የምንለው ቁጥር በዚያ ዓመት አልቦ ነው፤ ባዶ። ተማሪዎቼም ሁሉ መጀመሪያ የሚስቱት እዚያው ነው። ለመሆኑ ፍቀህ ፍቀህ ስንት ቀነሰልህ?

ምንተስኖት፦ ሁለት ሜጋ።

ቀለመ ወርቅ፦ የቀረው ሠላሳ ስምንት ምን ተሸክሞ ነው? ባሕረ ሐሳብ በጣት የሚቆጠር ነገር ነው እኮ!

ምንተስኖት፦ ስሌቱስ አንድ ሜጋም አይሞላ። ሌላው... ሲከፈት የሚመጣው የምርቃት ፎቶዬ ነው። ጥርት ብሎ እንዲታይ ብዬ...

ቀለመ ወርቅ፦ ከነጋዋንህ?

ምንተስኖት፦ ከነጋዋኔ።

[ጡሩምባው ደግሞ ይነፋል።]

ቀለመ ወርቅ፦ በል ምልክቱን መልስ፣ ባዶዋን አርም፣ ፎቶህን ፋቅ! ሾፌሩን እኔ ለምኜ አቆየዋለሁ።

ምንተስኖት፦ እሺ የኔታ። ግን ፎቶው ከወጣ፣ የሠራሁት እኔ መሆኔ በምን ይታወቃል?

ቀለመ ወርቅ፦ [ከበሩ ላይ ዞር ብለው] በስህተቱ!